ከሙዝ እስከ ደም ምርመራ፦ የአንድ የሆድ በሽታ ታሪክ

ሆዱን ያመመው የአዲስ አበባ ሰው የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ «ጨጓራ ነው» ይባላል። ቀጥሎ «ጃርዲያ ይሆናል»። ከዚያ «አሜባ»፣ ከዚያ «ታይፎይድ»። ሰገራ በትንሽ ዕቃ ይዞ ወደ ላቦራቶሪ መሮጥ፣ ሳምንት መድኃኒት መዋጥ፣ ሁለት ሳምንት መሻል፣ ከዚያ እንደገና «ሀ» ብሎ መጀመር። እኛም ይህን ዙር ከአንዴም ሁለቴ ዞረነዋል። አብራን ጋዜጠኝነት የተማረች አንዲት ጓደኛችን ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ዞረችው። ከሳች። ደም ማነስ ያዛት፤ የብረት ኪኒን ብትውጥ ብትውጥ ደሟ አልሞላ አለ። በመጨረሻ አንድ ዘመዷ «ስንዴ ነው የሚጎዳሽ፣ ዳቦ ተዪ» አላት። ተወች። በወሩ ሰው መሰለች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አንጽፍም ነበር። ዳቦ ከተወች ከስምንት ወር በኋላ ጓደኛችን «ለመሆኑ በሽታዬ ምንድን ነው?» ብላ የሴሊያክ የደም ምርመራ አደረገች። ወረቀቱ «የለም» አለ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየት አድርጎ «እስከ ዛሬ ስንዴ እየበላሽ ነበር?» ሲል ጠየቃት። «ኧረ ከተውኩ ቆየሁ» አለች። «እንግዲያው ይህ ወረቀት ምንም አይነግረንም» አላት።

የሚያድነውን አመጋገብ ያገኘ ሰው እንዴት የበሽታውን ስም ያጣል? ነገሩ ቢቆጠቁጠን ጊዜ ታሪኩን ማገላበጥ ጀመርን። ስናገላብጥ የተረዳነው፣ የጓደኛችን እንቆቅልሽ የእሷ ብቻ አለመሆኑን ነው። ይህ በሽታ ከጥንትም ጠባዩ እንዲህ ነው፤ በምግብ ይድናል፣ በምግብም ይደበቃል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉልን።)

በቅድሚያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ስንዴ፣ ገብስ እና ራይ የሚባለው የአውሮፓ እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። የስንዴን ሊጥ እንደ ላስቲክ የሚያስስበው እሱ ነው። በተፈጥሮ ዝንባሌው ያለው ሰው ግሉተን ሲበላ የሰውነቱ መከላከያ ይሳሳትና የራሱን ቀጭን አንጀት ያጠቃል። የአንጀቱ ግድግዳ እንደ ፎጣ ጸጉር ያለው ነው፤ ምግብ የሚመጠጠውም በዚያ ጸጉር በኩል ነው። በሽታው ጸጉሩን ይላጨዋል። ከዚያ በኋላ ሰውየው ቢበላም አይጠግብም፣ ብረት ቢውጥም ደሙ አይሞላም። አንዳንዱን ተቅማጥ ያሠቃየዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ደም ማነስ ብቻ ይታይበታል፤ ልጅ ከሆነ እድገቱ ይቆማል።

የታሪኩ መነሻ የቀጰዶቅያው አሬቴዎስ ነው። ከዛሬ 1,800 ዓመት በላይ በፊት የኖረ፣ በግሪክኛ የሚጽፍ ሐኪም ነበር። ምግብ ሳይፈጭ የሚያልፍባቸውን፣ እየመነመኑ የሚሄዱ ሰዎችን ገልጾ «ኮይሊያኮስ» አላቸው። ቃሉ ከግሪክኛው «ሆድ» የመጣ ነው፤ በእኛ ቋንቋ «ሆዳሞች» ብንለው ይገባው ነበር፣ ግን ስድብ ይሆንብናል። የአሬቴዎስ መጽሐፍ በ1856 ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ1887፣ ሳሙኤል ጊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በለንደኑ የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ስለዚሁ በሽታ ንግግር አደረገ። በማግሥቱ ዓመት ታተመ። የዘመናዊው ታሪክ መጀመሪያ ተደርጎ የሚቆጠረው ይህ ነው።

ጊ ያየውን በደንብ የሚጽፍ ሰው ነበር። ሆዳቸው የተነፋ፣ እጅና እግራቸው የቀጠነ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን ገለጸ። ታማሚው መዳን የሚችል ከሆነ የሚድነው በአመጋገብ ብቻ ነው ሲልም ደመደመ። እንዴት አወቀ? ምርመራ አልነበረውም። ማየት ብቻ ነበር ያለው። ታዲያ ምን አዘዘ? ሩዝ ከለከለ፣ የበቆሎ ዱቄት ከለከለ። ከዚያ ደግሞ በስሱ የተቆረጠ፣ በሁለቱም በኩል በደንብ የተጠበሰ ዳቦ ፈቀደ! ምንም የማያደርገውን ከልክሎ መርዙን በእሳት አሙቆ ሰጠ ማለት ነው። እኛ ግን ለመሳቅ አልደፈርንም። የሰማንያ ዓመት ጎረቤታችንም ለሆድ ሕመም «የተጠበሰ ደረቅ ዳቦ ብሉ» ነው የሚሉን።

ጊ ከጻፋቸው ሁሉ የማንረሳው የአንድ ልጅ ታሪክ አለ። ይህ ልጅ በየቀኑ ከአንድ ሊትር በላይ የሚሆን፣ ከሆላንድ የመጣ፣ በጥቁር ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር ሥጋ ይበላ ነበር። በሚገርም ሁኔታ ፋፋ። የዛጎሉ ወቅት ሲያልፍ ግን ወደ በሽታው ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ምግብ ሊያስለምዱት ቢሞክሩ አሻፈረኝ አለ። እስቲ አስቡት፤ መልሱ ሳህኑ ላይ ተቀምጧል! ሐኪሙ ግን የሚያየው ሳህኑ ላይ ያለውን ነው። ከሳህኑ ላይ የጎደለውን፣ ማለትም ዳቦውን፣ ማን ያያል?

* * *

ከሳህኑ ላይ የጎደለውን ያለማየት ነገር በትልቁ የታየው በአሜሪካ ነው። ሲድኒ ሐስ የተባለ የኒው ዮርክ የሕፃናት ሐኪም በ1924 የሙዝ አመጋገብን አሳተመ። ልጆቹ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ድንችና እህል ሁሉ ተከለከሉ። በምትኩ ወተት፣ ሥጋና ብዙ ብዙ ሙዝ ተሰጣቸው። ዳኑ። ሊሞቱ የተቃረቡ ልጆች ቆመው ሄዱ። ለሠላሳ ዓመት ገደማ በአሜሪካ ሴሊያክ ያለበት ልጅ ማለት ሙዝ የሚበላ ልጅ ማለት ሆነ።

ሐስ ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ይህን የሚክድ የለም። ችግሩ ያዳነበትን ምክንያት አለማወቁ ነበር። ያዳነው ሙዙ ይመስለው ነበር፤ የሠራው ግን የስንዴው አለመኖር ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሙዝ መድኃኒት ከሆነ፣ እንደ ማንኛውም መድኃኒት ተወስዶ ያልቃል፤ ልጁ «ዳነ» ይባልና ወደ ዳቦው ይመለሳል። የሐስ ልጆችም «ድናችኋል» እየተባሉ ወደ ተራው ገበታ ተመለሱ። ሴሊያክ ግን አይድንም፤ ግሉተን እስካልተበላ ድረስ ብቻ ይተኛል። ሐስ የስንዴው ጉዳይ በአውሮፓ ከተረጋገጠ በኋላም እንኳ ከሙዙ አልተላቀቀም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ቤት አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ጤፍ ዛሬ ለብዙ ፈረንጅ የሐስ ሙዝ ሆኗል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ በ2005 የሌይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሴሊያክ ሕሙማን በተወሰዱ የመከላከያ ሴሎች ፈትነው ሴሎቹ ለጤፍ ምላሽ እንዳልሰጡ በታወቀው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። ደስ ይላል። ግን ጤፍ ሴሊያክን አያድንም፤ አያስነሳውም፣ በቃ። ደግሞም እንጀራ ሁሉ ጤፍ አይደለም። በአሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የሚበሉት እንጀራ ብዙ ጊዜ የስንዴና የገብስ ዱቄት የተቀላቀለበት ነው። እዚህም ቢሆን «ዳቦ ተውኩ» ያለ ሰው በሶውን፣ የገብስ ቆሎውን፣ ጠላውንና ቢራውን ከረሳ ምንም አልተወም። ወፍጮ ቤቱስ? ጤፋችን ከመግባቱ በፊት የማን ስንዴ ሲፈጭበት እንደነበረ ማን ያውቃል?

* * *

አሁን ወደ ሆላንድ እንሂድ። ቪሌም ዲከ በ1905 ተወለደ፤ በሠላሳዎቹ ዓመታት በሄግ ከተማ የዩሊያና የሕፃናት ሆስፒታል ኃላፊ ሆነ። እንደሚነገረው አንዲት ወጣት እናት ወደ እሱ መጥታ «ልጄ ዳቦ ሳልሰጠው ሽፍታው ይጠፋል» አለችው። የእናትየዋን ስም ታሪክ አልያዘውም። የሚያሳዝነን ይሄ ነው፤ ከጊ ጀምሮ እስከ ሐስ ድረስ ስንት ሊቅ ያላየውን ነገር ያየችው በማጀቷ ውስጥ ያለች እናት ናት። ዲከን ከሌሎቹ የለየውም ይህን ሰምቶ «እሺ እናቴ፣ ሂጂ» ብሎ አለማሰናበቱ ነው።

ከዚያ የ1944 ክረምት መጣ። የሆላንድ የባቡር ሠራተኞች አድማ መቱ፤ ናዚዎች በበቀል ወደ ምዕራብ ሆላንድ የሚገባውን ምግብ አገዱ። ሕዝቡ የአበባ ሥርና የስኳር ድንች (ስኳር የሚወጣበትን ማለታችን ነው) ቀቅሎ በላ። ሃያ ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። በዚህ መካከል አንድ የማይታመን ነገር ታየ፦ ሌላው ልጅ ሲከሳ የሴሊያክ ልጆች ተሻላቸው። ዳቦ የለማ! ሰላም ሆኖ ዳቦ ሲመለስ በሽታውም አብሮ ተመለሰ።

ይህ ታሪክ በጣም ስለሚያምር ብዙ ጊዜ «ረሃቡ የሴሊያክን ምስጢር ገለጠ» ተብሎ ይጻፋል። እኛ አልወደድነውም። ዲከ ስንዴን ስለሚከለክለው አመጋገብ የመጀመሪያ ጽሑፉን ያሳተመው በ1941 ነው፤ ረሃቡ ከመምጣቱ ሦስት ዓመት በፊት። ረሃቡ ያረጋገጠለት እንጂ የነገረው አይደለም። ለረሃብ የማይገባውን ምስጋና መስጠት ደግሞ፣ በተለይ እኛ አገር ሆኖ ለሚያነበው፣ ደስ አይልም።

ከጦርነቱ በኋላ ዲከ ያደረገው ነገር ነው የጽሑፋችን እምብርት። «ስንዴ ነው» ብሎ አምኗል፤ ልጆቹም ያለ ስንዴ እየዳኑ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያቆም ነበር። ዲከ ግን ጥቂት ልጆችን ለረጅም ጊዜ ተከታተለ፤ ስንዴ ይከለክላል፣ መልሶ ይሰጣል፣ እንደገና ይከለክላል። ክብደታቸውንና ቁመታቸውን ይመዘግባል። ቫን ደ ካመር የተባለ ባልደረባው ደግሞ በሰገራ ውስጥ ያለውን ስብ በትክክል የሚለካ ዘዴ አገኘ፤ አንጀቱ ያልመጠጠው ስብ በዚያ በኩል ስለሚወጣ። ስንዴ ሲሰጥ ስቡ ከፍ ይላል፤ ሲነሳ ይወርዳል። ሩዝ ሲሰጥ ምንም የለም። የጊ ሩዝ በ60 ዓመቱ ነጻ ወጣ! ዲከ ይህን በ1950 ለዶክትሬት ማሟያው ጻፈው። በ1952 ደግሞ በእንግሊዝ በርሚንግሃም፣ ሻርሎት አንደርሰን የተባለች አውስትራሊያዊት ሐኪምና ባልደረቦቿ ስንዴውን ከፋፍለው ስታርቹን ለብቻ፣ ግሉተኑን ለብቻ ፈተኑ። ጥፋተኛው ግሉተኑ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «ስንዴ ነው» ከሚል ግምት ወደ «ስንዴ ነው» የሚል ማስረጃ የተደረሰው ለታመሙ ልጆች የሚያማቸውን ነገር መልሶ በማብላት ነው። ይቀፋል፤ እኛንም ቀፎናል። ሌላ መንገድ ግን አልነበረም። በሽታው የሚታየው ስንዴ ሲኖር ነው።

* * *

ቀጥሎ ያለው የመሣሪያ ታሪክ ነው፤ ፈጠን ብለን እንለፈው። በ1954 ፖሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በቀዶ ሕክምና ከሕሙማን አንጀት ቁራጭ ወስዶ ጸጉሩ መላጨቱን አሳየ። ለምርመራ ብሎ ሆድ መቅደድ ግን አያዋጣም። በ1956 ማርጎ ሻይነር ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በአፍ በሚገባ ቱቦ ናሙና መውሰድን አመጣች። በ1957 ደግሞ የክሮስቢ ካፕሱል መጣ፤ በቀጭን ቱቦ የታሰረች፣ በውስጧ ስፕሪንግ ያላት ቢላ የያዘች ትንሽ ብረት ናት። ልጁ ይውጣታል፤ አንጀቱ ጋ እስክትደርስ በራጅ እየታየች ይጠበቃል፤ ከዚያ አየሩ ሲሳብ ቁራጭ ሥጋ ቆርጣ ትመለሳለች።

በ1969 የአውሮፓ የሕፃናት አንጀት ሐኪሞች በስዊዘርላንዷ ኢንተርላከን ተሰብስበው አንድ መስፈርት አወጡ። መስፈርቱ ሦስት ናሙና ይጠይቃል። አንደኛው ልጁ ግሉተን እየበላ፣ ሁለተኛው ግሉተን ትቶ ሲሻለው፣ ሦስተኛው ግሉተን መልሶ በልቶ ሲታመም። የዲከን ሥራ በሕግ ጻፉት ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ለአብዛኛው ልጅ ግዴታ መሆኑ የቀረው በ1990 ነው።

የደም ምርመራ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የፖላንድ ተመራማሪዎች በሕሙማን ደም ውስጥ የሚገኝ ፀረ እንግዳ አካል ለዩ። ምርመራው የሚሠራው የሕመምተኛውን ደም ውሃ በዝንጀሮ ጉሮሮ ቁራጭ ላይ አፍስሶ በማይክሮስኮፕ በማየት ስለነበር ውድም አድካሚም ነበር። በ1997 ዲትሪክ፣ ሹፓንና ባልደረቦቻቸው በርሊን ላይ ፀረ እንግዳ አካሉ የሚያጠቃውን ነገር በስሙ ለዩት፤ ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ የሚባል የራሳችን ኢንዛይም ነው። ከዚያ ወዲህ ዝንጀሮዎቹ ለመጀመሪያው ማጣሪያ አላስፈለጉም። ጥቂት ደም በቂ ሆነ።

ደም ርካሽ ሲሆን ብዙ ሰው መመርመር ተቻለ። የአውሮፓ ልጆች በሽታ የሚባለውም ተረት ፈረሰ። በ1999 በታተመ ጥናት በአልጄሪያ የስደተኛ ሰፈሮች ከሚኖሩ የምዕራብ ሰሃራ ልጆች መካከል 5.6 በመቶ የሚሆኑት ሴሊያክ ተገኘባቸው፤ እስከዚያ ድረስ ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው። ዛሬ በዓለም ላይ ከ100 ሰው 1 ያህሉ እንዳለበት ይገመታል፤ አብዛኛውም አያውቀውም።

በ2012 የአውሮፓ የሕፃናት ሐኪሞች፣ ውጤቱ ከመደበኛው ጣሪያ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ የሆነ ሕመምተኛ ልጅ በሌላ ደም ምርመራ ከተረጋገጠ ናሙና ላይወሰድለት እንደሚችል ፈቀዱ። በ2020 መመሪያው ተሻሻለ። ለአዋቂዎች ግን ብዙ ቦታ አሁንም የአንጀት ናሙና ይጠየቃል።

ይህ ሁሉ እድገት ግን አንድ ነገር አልቀየረም። የደም ምርመራው የሚያየው ግሉተኑን አይደለም፤ ሰውነት ከግሉተን ጋር የሚያደርገውን ጦርነት ነው። ስንዴ ካልገባ ጦርነት የለም፤ ጦርነት ከሌለ ፀረ እንግዳ አካሉ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይጠፋል፤ የአንጀቱም ጸጉር ይበቅላል። ከዚያ በኋላ ቱቦም ቢገባ፣ ደምም ቢቀዳ የሚያዩት ጤነኛ ሰው ነው። ሌላም የሚያሳስት አለ፦ ምርመራው የሚፈልገው «አይ ጂ ኤ» የሚባለውን ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ከ100 የሴሊያክ ሕሙማን 2 ወይም 3 የሚሆኑት ግን ይህን ዓይነት ከተፈጥሯቸው አያመርቱም። ስለዚህ አጠቃላይ መጠኑ አብሮ መለካት አለበት። ካልተለካ ወረቀቱ እውነት መስሎ ይዋሻል።

«ተሽሏት የለ፣ ስሙ ምን ያደርግላታል?» የሚሉን አሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስንዴ የሚነፋው ሰው ሁሉ ሴሊያክ የለበትም፤ ሴሊያክ ከሌለባት በሠርግ ላይ ድፎ ዳቦ ብትቀምስ ሆዷ ይጮህ ይሆናል እንጂ አንጀቷ አይላጭም። ካለባት ግን ቁራሹም ይጎዳል፤ ዕድሜ ልክ ነው። የአጥንት መሳሳት አለ፣ ደም ማነሱ አለ፣ እምብዛም ቢሆን የአንጀት ካንሰር አለ። ወንድምና እህቶቿም መመርመር አለባቸው፤ በሽታው በቤተሰብ ይሄዳልና። ይህን ሁሉ «ዳቦ አይስማማኝም» በሚል ግምት ላይ መገንባት የሐስን ሙዝ መብላት ነው።

የአመጋገብ ለውጥ የማይነካው አንድ ምርመራ አለ፤ የዘር ምርመራው። ሁሉም ሕሙማን ማለት ይቻላል ዲኪው2 ወይም ዲኪው8 የሚባሉ የዘር ምልክቶች አሏቸው። እነዚህ ከሌሉ ሴሊያክ የለም ብሎ መዝጋት ይቻላል። ካሉ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ በአውሮፓ ከሦስት ጤነኛ ሰው አንዱ ገደማ ይዟቸው ይዞራል። ጓደኛችን ተመረመረች። ዲኪው2 አላት። ስለዚህ ወደ ዲከ መንገድ መመለስ ሆነ፤ ዳቦ መብላት። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ከምርመራ በፊት ግሉተን ያለው ምግብ በየቀኑ ከአንድ ገበታ በላይ፣ ቢያንስ ለ6 ሳምንት መበላት አለበት ይላል። ሐኪሙም ይህንኑ አዘዘ፤ ቀጠሮ ሰጣት፣ «ካልቻልሽ ደውዪ» አላት።

እናቷ ግን ሊገባቸው አልቻለም። «ምን ዓይነት ሐኪም ነው፣ ልጄ፣ የሚያምሽን ብዪ የሚልሽ?» አሉ። ጓደኛችን ቁጭ ብላ ስለ ሆላንዱ ሐኪምና ስለዚያች ስሟ ስለማይታወቅ እናት አጫወተቻቸው። እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙና «እሷ እንኳ አስተዋለች፤ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ጨጓራ ነው እያልኩ አብሽ አጠጣሁሽ» ብለው ተነሡ።

ይህን ስንጽፍ ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ጠዋት ሁለት ቁራሽ ዳቦ፣ ማታ ደግሞ አንድ። እማማ ዳቦውን ራሳቸው ይቆርጡላታል፤ የበላችበትን ቀንና ሆዷ የነበረበትን ሁኔታም በድሮ የሒሳብ ደብተር ላይ ይጽፋሉ።